በመኳንንት ግቢ ውስጥ መጥፋት፦ ስለ አውሮፓ የአጥር ሜዞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝ ዘመድ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ቢግ ቤንን አይቶ፣ ኦክስፎርድ ስትሪት ገበያ ወጥቶ ሲያበቃ «አሁንስ የት እንሂድ?» ማለቱ አይቀርም። ልጆች ካሉ ጥያቄው ገና ከቁርስ በፊት ይመጣል። አንዱ ጥሩ መልስ በድሮ መኳንንት ግቢ ውስጥ ያለ የአጥር ሜዝ ነው። ከታች ስለዚሁ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ሰብስበናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአጥር ሜዝ ምንድን ነው?

ከሰው ቁመት በላይ አድጎ፣ ግድግዳ እስኪመስል በተከረከመ የተክል አጥር የተሠራ መንገድ ነው። መንገዱ ይከፈላል፣ ይጠማዘዛል፣ አንዳንዱ ሄዶ ሄዶ ይዘጋል። ጨዋታው መሃሉን ማግኘት ነው። ከዚያ ደግሞ መውጣት አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ የጽድ አጥር ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው ግድግዳው አዲስ አይሆንበትም። ያንን አጥር ግቢውን ሙሉ አድርጋችሁ አጠማዝዙት፣ ሜዝ ሆነ ማለት ነው። ሽልማት አትጠብቁ። መሃሉ ላይ የምታገኙት አንድ ሐውልት፣ አንድ ዛፍ ወይም አግዳሚ ወንበር ነው።

ሰው እንዲጠፋ ብሎ ይህን ሁሉ አጥር የሚተክል ማነው?

ብዙ ቦታና ብዙ አትክልተኛ ያለው ሰው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተጠማዘዘ መንገድ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ነበር። ፈረንሳይ ሻርትር ካቴድራል ያለው እስካሁን አለ። ያ ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ተከትለውት ከሄዱ መሃሉ መድረስ አይቀርም፣ መሳሳት የሚባል ነገር የለም። በኋላ ነገሩ ወደ ነገሥታትና መኳንንት የአትክልት ስፍራ ሲገባ ወደ ጨዋታ ተለወጠ። መንገዱ መከፈልና መዘጋት ጀመረ።

ሉዊ 14ኛ በ1660ዎቹና 70ዎቹ ቬርሳይ ያስተከለው ሜዝ ውስጥ የእንስሳት ተረቶችን የሚያሳዩ 39 ፏፏቴዎች ነበሩት። ዛሬ የለም። መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ተነቀለና በቦታው ሌላ የአትክልት ስፍራ ገባ። የብዙዎቹ የድሮ ሜዞች ታሪክ እንደዚህ ነው የሚያልቀው።

ዓላማውም ቀላል ነበር። እንግዳ መጥቶ ለሳምንታት በሚቀመጥበት ዘመን እንግዳውን ማጫወት የባለቤቱ ሥራ ነው። ቴሌቪዥን የለም። ከምሳ በኋላ «እስቲ ሜዙን እንግባበት» ይባላል።

ለንደን ነው ያለሁት። ከየት ልጀምር?

ከሃምፕተን ኮርት። ሌላ መልስ የለውም።

ከመሃል ለንደን በስተደቡብ ምዕራብ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ የድሮ ቤተ መንግሥት ነው። ከዋተርሉ ባቡር ትይዛላችሁ፣ መጨረሻው ጣቢያ ትወርዳላችሁ፣ ድልድዩን ስትሻገሩ ግቢው ፊት ለፊት ነው። ባቡሩ ላይ የምትቀመጡት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ኦይስተር ካርዳችሁ (የለንደን የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ) ይሠራል።

ሜዙ በ1700 አካባቢ ለንጉሥ ዊልያም 3ኛ የተተከለ ሲሆን ሥራው የጆርጅ ለንደንና የሄንሪ ዋይዝ ነው ይባላል። ሁለቱም በዘመናቸው ስመ ጥር አትክልተኞች ነበሩ። ብሪታንያ ውስጥ እስካሁን ከቆዩት የአጥር ሜዞች ሁሉ ትልቁን ዕድሜ የያዘው እሱ ነው። ስፋቱ የአንድ ኤከር ሲሶ፣ ማለትም 1,350 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዶቹ ተቀጣጥለው ቢለኩ ግማሽ ማይል፣ ማለትም 800 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። መሃሉ ለመድረስ በአማካይ 20 ደቂቃ ይፈጃል ይላሉ አስተዳዳሪዎቹ።

እዚህ ድረስ መቆየቱ ራሱ ተአምር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች የተከረከመ አጥርና ቀጥ ያለ መንገድ ሰለቻቸው። ሣር፣ ሐይቅና ለብቻው የቆመ ዛፍ ሆነ ፋሽኑ። የዚህ ፋሽን ዋና ሰው ላንሴሎት ብራውን ነበር፤ «ኬፓቢሊቲ ብራውን» በሚለው ቅጽል ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ስንቱን የድሮ ግቢ ገለባብጦ እንደ አዲስ ሠርቷል። ይኸው ሰው በ1764 የሃምፕተን ኮርት ዋና አትክልተኛ ሆኖ ተሾመና ከሜዙ አጠገብ ቤት ተሰጠው። ንጉሡ «እሱን እንዳትነካ» ብለው አዘዙት ይባላል። አልነካውም።

ታዲያ ሄንሪ 8ኛም እዚያ ሜዝ ውስጥ ተጫውቷል?

አልተጫወተም። ቤተ መንግሥቱ የሄንሪ ስለነበር ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ሄንሪ የሞተው በ1547 ነው። ሜዙ የመጣው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

ሃምፕተን ኮርት ገብቼ «ይሄው ነው?» አልኩ። ትልቅ የሚባለው የት ነው?

እንደዚያ የሚሉ ብዙ ናቸው። ሃምፕተን ኮርት ስሙ ትልቅ፣ ቦታው ትንሽ ነው። የሚታየው ለዕድሜው ነው።

በደንብ መጥፋት የሚፈልግ ሰው ዊልትሻየር ወዳለው ሎንግሊት ይሂድ። ቤቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የባዝ ማርኪሶች መኖሪያ ነው (ማርኪስ፣ ዱክና ኧርል የመኳንንት ማዕረጎች ናቸው)። ሜዙ ግን ወጣት ነው፤ በ1975 ግሬግ ብራይት በሚባል ንድፍ አውጪ የተሠራ። ከ16,000 በላይ የየው ዛፎች አሉት፤ የው ጽድ መሰል፣ ጥቁር አረንጓዴ የአውሮፓ ዛፍ ነው። የመንገዶቹ ርዝመት 1.69 ማይል፣ ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ በላይ ተንኮለኛ የሚያደርገው የእንጨት ድልድዮቹ ናቸው። ድልድይ ላይ ስትወጡ መሃል ላይ ያለው ማማ ወለል ብሎ ይታያችኋል፣ «በቃ ደረስን» ትላላችሁ። ስትወርዱ ጀርባችሁን ሰጥታችሁት ነው የምትሄዱት። ከአንድ ሰዓት በላይ ብትቆዩ አይግረማችሁ።

ሎንግሊት ከባዝ ከተማ ሩቅ አይደለም፣ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ባዝ ደግሞ ለኛ የምትታወቅ ከተማ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያው ነው። ጉዞውን አንድ ላይ ብታደርጉት አያስቆጭም። አንድ ቀን ለባዝ፣ አንድ ቀን ለሎንግሊት። በአንድ ቀን ሁለቱንም ለመጨረስ መሯሯጥ ግን ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ሌሎችስ? ዘመዶቼ ከለንደን ውጭ ነው የሚኖሩት።

በየአቅጣጫው አለ። የማስቀድማቸውን ልንገራችሁ።

ሼፊልድ ወይም ማንቸስተር ላላችሁ ደርቢሻየር ያለው ቻትስዎርዝ ይቀርባችኋል። የዴቮንሻየር ዱኮች ቤት ነው። ሜዙ በ1962 በ1,209 የየው ዛፎች ተተከለ። ደስ የሚለው የቆመበት ቦታ ነው። እዚያው ላይ ጆሴፍ ፓክስተን በ1830ዎቹ መጨረሻ የሠራው ግዙፍ የመስታወት ቤት ነበር። የሞቃት አገር ተክሎች የሚያድጉበት፣ በድንጋይ ከሰል የሚሞቅ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከሰልም አትክልተኛም ጠፋ፣ ተክሎቹ በብርድ አለቁ። በ1920 ቤቱን በፈንጂ አፈረሱት። ዛሬ የሚታየው መሠረቱን የያዘው ግንብና በውስጡ ያለው ሜዝ ነው። ወደ ሜዙ ከመግባታችሁ በፊት ዳሩ ላይ ከፍ ካለው ቦታ ቆማችሁ ንድፉን እዩት። ማጭበርበር አይባልም።

ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ ከንት ውስጥ ሁለት አሉ። አንዱ ሂቨር ካስል ነው፣ የሄንሪ 8ኛ ሁለተኛ ሚስት አን ቦሊን ያደገችበት። የየው ሜዙ ግን የእሷ ዘመን አይደለም። ግቢውን የገዛው አሜሪካዊው ባለጸጋ ዊልያም ዋልዶርፍ አስተር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው ያስተከለው። ሌላው ሊድስ ካስል ነው። ስሙ አያሳስታችሁ፣ ሊድስ ከተማ አይደለም ያለው። ሜዙ በ1988 በ2,400 የየው ዛፎች የተሠራ ሲሆን መሃሉ ከደረሳችሁ የምትወጡት በመሬት ውስጥ ዋሻ ነው። ልጆች ይወዱታል።

ኮርንዎል ድረስ የሚዘልቅ ሰው ግሌንደርገንን እንዳያልፍ። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። በ1833 አልፍሬድ ፎክስ የሚባል የፋልመዝ የመርከብ ንግድ ቤተሰብ ሰው አስተከለው። እሱና ሚስቱ ሣራ 12 ልጆች ነበሯቸው፤ ሜዙ የአንድ ባለጸጋ መኩሪያ ብቻ እንዳልነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። አጥሩ ቼሪ ሎረል ነው፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለና የሚያብረቀርቅ። ሸለቆ ቁልቁለት ላይ ስላለ ከማዶ ሆነው ሲያዩት የተኛ እባብ ይመስላል።

ከእንግሊዝ ውጭስ?

ጣሊያን ላላችሁ፣ ከቬኒስ ወደ ፓዶቫ በሚወስደው የብሬንታ ወንዝ ዳርቻ ስትራ የምትባል ከተማ አለች። ቪላ ፒሳኒ እዚያ ነው። ሜዙ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው፣ ክብ በክብ እየተደራረበ የሚሄድ፤ መሃሉ ላይ ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው ማማና ጫፉ ላይ የሮማውያን የጥበብ አምላክ የሚኔርቫ ሐውልት አለ። ናፖሊዮን ቪላውን በ1807 ገዝቶት ነበር። እሱም ሜዙ ውስጥ ጠፍቶ ነበር ብለው ያወራሉ፤ ወሬው ደስ ስለሚል ማንም ሊተወው አይፈልግም። አየሩ ሲከፋ ስለሚዘጋ ዝናብ ባለበት ቀን አትልፉ።

ባርሴሎና ውስጥ የኦርታ ሜዝ አለ። ሥራው የተጀመረው በ1791 በማርኪስ ዴስቫልስ ርስት ላይ ነው፣ ዛሬ የከተማው መናፈሻ ሆኗል። አጥሩ ሳይፕረስ ነው፣ የእኛ የፈረንጅ ጽድ ዘመድ። መሃሉ ላይ የፍቅር አምላክ የኤሮስ ሐውልት ይጠብቃችኋል። ቪየና ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ያለው ደግሞ የድሮው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተነቅሎ ካለቀ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና የተተከለ ነው።

ዲሲና ቨርጂኒያ ላላችሁ አውሮፓ መሄድ ግዴታ አይደለም። ዊልያምስበርግ የአገረ ገዥው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ሃምፕተን ኮርትን አስመስሎ በ1930ዎቹ የተተከለ ሜዝ አለ። ከዲሲ በመኪና 3 ሰዓት ገደማ ነው። ተክሉ ሆሊ ስለሆነ ቅጠሉ ይዋጋል። የድሮ አጥር ሲታደስ ለጊዜው ስለሚዘጋ ከመነሳታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ።

ሳይጠፉ የመውጫ ዘዴ አለ ይባላል። እውነት ነው?

አለ፣ ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም።

ዘዴው ይህ ነው። መግቢያው ላይ አንድ እጃችሁን፣ ግራም ይሁን ቀኝ፣ አጥሩ ላይ አድርጉ። ከዚያ እጃችሁን ሳታነሱ አጥሩን ተከተሉ። የተዘጋ መንገድ ውስጥ ብትገቡም አጥሩ ራሱ አዙሮ ያወጣችኋል። አጥሩ ሁሉ ከውጭኛው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ከሆነ መሃሉ ላይ መድረሳችሁ አይቀርም። ሃምፕተን ኮርት ላይ ይሠራል።

ይህን ያወቁ ንድፍ አውጪዎች ግን ዝም አላሉም። ከንት ውስጥ ቼቨኒንግ የሚባል ቤት አለ፣ ዛሬ የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የገጠር መኖሪያ ሆኖ የሚያገለግል። እዚያ በ1820ዎቹ የተተከለው ሜዝ የሒሳብ ሊቅ በነበረው በሁለተኛው ኧርል ስታንሆፕ ንድፍ የተሠራ ነው ይባላል። ሰውየው መሃሉን ከውጭው ግድግዳ ቆርጦ ለብቻው ደሴት አደረገው። እጁን አጥር ላይ ያደረገ ሰው ዞሮ ዞሮ መግቢያው ላይ ራሱን ያገኘዋል። ሎንግሊትም በድልድዮቹ ምክንያት ይህን ዘዴ አይፈራም።

እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ የሚያዋጣው ማስታወስ ነው። መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ አንድ ምልክት ያዙ፦ የተጎዳ ቅርንጫፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የፀሐይ አቅጣጫ። አንዴ ገብታችሁ የተዘጋባችሁ መንገድ ላይ ሁለተኛ አትግቡ።

ስለ ሃምፕተን ኮርት ካነሳን አይቀር፣ በሳይንስ ቤተ ሙከራ አይጦች የሚሮጡበት ሜዝ የመጣው ከዚያው ነው። በ1900 አካባቢ አሜሪካ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊላርድ ስሞል የሃምፕተን ኮርትን ንድፍ ለአይጥ በሚሆን መጠን አሠርቶ እንዴት እንደሚማሩ ያጠና ነበር። አይጦቹ እየደጋገሙ ሲገቡ መንገዱን ለመዱት። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ ካልሆነላችሁ አትፈሩ።

በእውነት ከጠፋሁስ?

ማንም እዚያ አያድርም። ትልልቆቹ ሜዞች ላይ ሠራተኛ ይኖራል። ቪላ ፒሳኒ ማማው ላይ የቆመ ሰው «ወደ ግራ፣ አይደለም፣ ተመለሺ» እያለ ከላይ ይመራችኋል። ሌላው ቦታ አልሆን ካላችሁ ጠርታችሁ እርዳታ ጠይቁ። ወይም የሚያውቅ የሚመስል ቤተሰብ ተከተሉ፤ ብዙ ጊዜ እነሱም እናንተን እየተከተሉ ነው።

አጥሩን ሰንጥቆ መውጣት ግን ነውር ነው። አንድ ሰው የከፈተውን ቀዳዳ ሌላው ያሰፋዋል፣ ተክሉ ያንን ለመድፈን ዓመታት ይፈጅበታል። የአንዳንድ ሜዝ አጥር ሥር የብረት መከላከያ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ልጆች ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ለልጆች የተሠራ እስኪመስል ድረስ። 5 ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ በደንብ ይዝናናሉ። ከመግባታችሁ በፊት «ከተለያየን የምንገናኘው መግቢያው ላይ ነው» ብላችሁ ተነጋገሩ። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ አልብሷቸው። ትንንሾቹን እጃቸውን ያዙ፣ መታጠፊያው ላይ በአንድ ሰከንድ ነው የሚሰወሩት።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዙልኝ። የው መርዛማ ዛፍ ነው። ቅጠሉም፣ ቅርፊቱም፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም። ከመርዙ ነጻ የሆነው ዘሩን የሸፈነው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ልጅን የሚጠራ ቀለም አለው። የቼሪ ሎረል ቅጠልና ዘርም እንደዚሁ አይበላም። መንካት ችግር የለውም፣ አፍ ውስጥ መክተት ግን ክልክል። ሁሉን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ካላችሁ አዝላችሁት ግቡ።

እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ይከብዳት ይሆን?

እንደ ቦታው ነው። ሃምፕተን ኮርት ሜዳ ነው፣ መንገዱም አጭር። ግሌንደርገን ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ አይመከርም። ሎንግሊት ድልድዮቹ ደረጃ አላቸው፣ መንገዱም ረጅም ነው፤ ለሕፃን ጋሪም ለዊልቸርም አይመችም። ሜዝ ውስጥ «ደከመኝ፣ እንመለስ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አትርሱ፤ መመለሻውም መፈለግ አለበት። ለእማማ የአትክልት ስፍራው ውስጥ ጥላ ያለው ወንበር ፈልጉላቸውና ልጆቹ ሜዙ ውስጥ እየጮሁ ሲሯሯጡ እሳቸው ጽጌረዳውን ይዩ። ማን እንደተዝናና ማታ ይታወቃል።

መቼ ልሂድ?

በሥራ ቀን፣ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ያኔ ሜዙ ውስጥ ሰው ከሰው ይጋጫል። ግንቦትና መስከረም ጥሩ ናቸው። እነዚህም የፈረንጅ ወራት ናቸው። በክረምት፣ ማለትም በእነሱ ብርድ ወቅት፣ ብዙ ግቢዎች ይዘጋሉ ወይም ሜዙን ብቻ ይዘጉታል። ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ስለሚጨቀይ ነጭ ስኒከር አይሆንም።

የመዝጊያውን ሰዓት በደንብ እዩ። የመጨረሻ መግቢያ ከመዝጊያው ቀደም ይላል። አገር ቤት ከመጣ እንግዳ ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ «አራት ሰዓት» ያላችሁት በማን አቆጣጠር እንደሆነ ተማመኑ፤ በዚህ የተነሳ ትኬት የተቃጠለበት ብዙ ነው።

ስንት ያስከፍላል?

ዋጋው በየዓመቱ ስለሚቀያየር ቁጥር አልሰጣችሁም። ብዙ ጊዜ ሜዙ ለብቻው አይሸጥም፣ ከግቢው ወይም ከቤቱ ትኬት ጋር ይመጣል። ለቤተሰብ ሲሆን ወደድ ይላል። በድረ ገጽ ቀድሞ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። ግሌንደርገን ታሪካዊ ቦታዎችን በሚጠብቀው ናሽናል ትረስት በሚባል የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥር ስለሆነ የድርጅቱ አባል በነጻ ይገባል። በዓመት ውስጥ ብዙ ቦታ የምትዞሩ ከሆነ አባልነቱን አስቡበት። ሃምፕተን ኮርትን ጨምሮ የመንግሥት ድጎማ ለሚቀበሉ ቅናሽ የሚያደርጉም አሉ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ምግብ ይዤ መግባት እችላለሁ?

ግቢው ውስጥ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ ሣር ላይ ጨርቅ አንጥፎ መብላት የእነሱም ባህል ነው። በጾም ወቅት የምትሄዱ ከሆነማ ይዞ መሄዱ ይሻላል፣ የካፌዎቹ ምግብ በአብዛኛው ቅቤና እንቁላል ነው። ፍርፍሩ በዕቃ ተቋጥሮ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ሜዙ ውስጥ ግን አትብሉ። ማሽላም ፈንዲሻም ቢሆን ወፍና አይጥ ይጠራል።

የሠርግ ፎቶ መነሳት ይቻላል?

በስልክ ለራሳችሁ ማንሳት ችግር የለውም። ቬሎ፣ ሚዜዎች፣ ቪዲዮ ካሜራና መብራት ይዞ መግባት ግን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ክፍያ አለው። ቀድማችሁ ኢሜይል ጻፉ። «ገብተን እናነሳለን፣ ማን ያየናል» የሚለው እዚያ አይሠራም፤ 12 ሚዜ አጥር ውስጥ አይደበቅም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረርም አይቻልም። ደግሞ የው ውስጥ ብርሃን ትንሽ ነው። አጥሩ ጥቁር አረንጓዴ ስለሆነ ነጭ ልብስ ጎልቶ ይወጣል፣ ጥቁር ሱፍ ግን ይጠፋል።

ያንን ሁሉ አጥር ማን ነው የሚከረክመው?

አትክልተኞች፣ ለሳምንታት። ለየው የሚመረጠው ወቅት የእነሱ ሞቃት ወቅት መጨረሻ ነው፣ በዓመት አንዴ ከተከረከመ ይበቃዋል። ማሽን ቢኖርም ሥራው ከባድ ነው፦ መሰላል፣ ገመድ፣ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን እያዩ መመለስ። ላዩ ላይ ትንሽ ጠበብ፣ ታች ሰፋ ተደርጎ ነው የሚከረከመው፤ ካልሆነ ብርሃን ሳያገኝ ታችኛው ይመለጣል።

የው የሚወደድበት ምክንያትም አለው። ብዙው ጽድ መሰል ዛፍ እስከ ደረቁ ግንድ ከተቆረጠ አይመለስም። የው ግን ከአሮጌ ግንድ እንደገና ያቆጠቁጣል። መቶ ዓመት ሙሉ እየሰፋ የሄደ አጥር በአንድ ጎን እስከ ግንዱ ተቆርጦ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረንጓዴ ይለብሳል። የሃምፕተን ኮርት ሜዝ መጀመሪያ ሆርንቢም የሚባል ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው ዛፍ ነበር፣ ቀስ በቀስ ወደ የው ተለወጠ። ዛሬ ለጉብኝት የሚመጣው ሰው ብዛት ግን ለየውም ፈተና ነው። ሥሩ ላይ ያለው አፈር በእግር ተረግጦ ሲጠነክር ውሃ አያሰርግም፣ ዛፉ ይታመማል።

ቦክስዉድ የሚባለው ትንንሽ ቅጠል ያለው የአጥር ቁጥቋጦ ያለባቸው ግቢዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከእስያ የመጣ አባጨጓሬ በአንድ ወቅት ውስጥ አጥሩን ቅጠል አልባ ያደርገዋል። ብዙ የአውሮፓ ግቢ በዚህ የተነሳ ቦክስዉዱን ነቅሎ ሌላ ተክሏል።

ቤቶቹ ውስጥ እስካሁን መኳንንት ይኖራሉ?

አንዳንዶቹ ውስጥ አዎ። ቻትስዎርዝና ሎንግሊት የቤተሰቦቹ እንደሆኑ ናቸው። ሃምፕተን ኮርት ግን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ንጉሥ አልኖረበትም።

«ታዲያ ቤታቸውን ለምን ለሰው ይከፍታሉ?» ለሚለው መልሱ ገንዘብ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ የውርስ ግብር በጣም ከፍ አለ። በ1950 የዴቮንሻየር ዱክ ሲሞት ቤተሰቡ የተጠየቀው የንብረቱን 80 በመቶ ነበር። መሬትም፣ ሥዕልም፣ ሌላ ቤትም ለዚያ ሄደ። ሎንግሊት ደግሞ በ1949 በሩን ለሕዝብ በትኬት ከፈተ፣ በ1966 ግቢው ውስጥ አንበሶች ያሉበት የሳፋሪ ፓርክ አቋቋመ።

እንግዲህ 1962 እና 1975 የሚሉትን የመትከያ ዓመቶች ከዚህ ጋር አያይዟቸው። የድሮው ሜዝ የተጋበዘ እንግዳ ማጫወቻ ነበር። የኋለኛው ትኬት የሚገዛ ቤተሰብ መጥሪያ ነው። በፋሽንና በጦርነት ብዙ ሜዞች ከጠፉ በኋላ ነገሩን እንደገና ያስነሳው የእናንተ የመግቢያ ክፍያ ነው ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ «ታሪካዊ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ቤቱ ነው ወይስ ሜዙ ታሪካዊው ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ መሆኑ ግን ጨዋታውን አያበላሸውም፤ እንዲያውም አዲሶቹ ይበልጥ ያስቸግራሉ።

ግቢዬ ሰፊ ነው። እኔም መትከል እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ትዕግሥት ካላችሁ። የው ከችግኝ ተነስቶ ሰውን እስኪሸፍን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ለአዲስ አበባ አየር የፈረንጅ ጽድ ቶሎ ያድጋል፣ የባርሴሎናው ኦርታም በሳይፕረስ መሠራቱን አስታውሱ። ጣጣው ክርከማው ነው። አንድ ዓመት ዘንግታችሁት ወደ መንገዱ ከገባ፣ መልሳችሁ ስትቆርጡት ቡናማው ይወጣል፣ እንደዚያው ይቀራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይሰለቹ መከርከም ያስፈልጋል። መንገዱን ሁለት ሰው ጎን ለጎን በሚያሳልፍ ስፋት ጀምሩ፣ አጥሩ ከሁለቱም በኩል እየሰፋ ስለሚያጠበው። ንድፉን መጀመሪያ መሬት ላይ በኖራ አስምሩና ልጆቹን አስሩጡበት። በአንድ ደቂቃ መሃሉ ከደረሱ ገና ነው፣ አጥፍታችሁ እንደገና አስምሩ።